ደሴት ለጦር ልምምድ ሲዘጋ የሚከፈትበት ቀንም አብሮ ይጻፍ ወይስ አይጻፍ?

ማዕበል (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ቤቶች። ሰሞኑን አንድ ነገር ሳነብ ከርሜ ከራሴ ጋር ስሟገት ስለሰነበትኩ ወደ እናንተ ላምጣው ብዬ ነው። ጉዳዩ መንግሥታት አንድን ደሴት ለወታደር ልምምድ ብለው ሰው እንዳይደርስበት በሕግ ሲዘጉ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

ለምን ደሴት እንደሚመርጡ ይገባኛል። ዙሪያው ውሃ ነው አጥር አይፈልግም፣ የሳተ ጥይት ባሕር ውስጥ ነው የሚገባው፣ ከመርከብም ከአውሮፕላንም ይተኮስበታል፣ ጎረቤት የለም። ወይም የለም ይባላል። እኔን የያዘኝ እዚቹ "ይባላል" ላይ ነው።

ካሆኦላዌን እንውሰድ። ከሃዋይ ስምንት ዋና ዋና ደሴቶች ትንሿ ናት፣ 116 ስኩዌር ኪሎሜትር ገደማ። በ1941 ፐርል ሃርበር የሚባለው የአሜሪካ ጦር ሰፈር ሲመታ ወታደራዊ አስተዳደር ታወጀና የአሜሪካ ሠራዊት ደሴቲቱን ለቦምብ መለማመጃ ወሰዳት፣ በጦርነት ሰዓት ማን ይከራከራል። ጦርነቱ በ1945 አለቀ። ደሴቲቱ ግን አልተመለሰችም፣ ጭራሽ በ1953 ፕሬዝዳንት አይዘንሃወር በትእዛዝ ለባሕር ኃይሉ አስረከቧት። ትእዛዙ ላይ፣ ደሴቲቱ ለባሕር ኃይሉ ሥራ የማትፈለግበት ጊዜ ሲመጣ ለሰው መኖሪያ የማታሰጋ ተደርጋ በባሕር ኃይሉ ወጪ ትመለስ የሚል አለበት። ቃሉ ሲነበብ ያምራል። ቀን ግን የለውም። አሁን አልፈልጋትም የሚለው ማነው? እራሱ የያዛት አካል። ስለዚህ በ1965 መርከቦች ፍንዳታ ይችሉ እንደሆነ ለማየት ብለው 500 ቶን ቲኤንቲ የሚባል ፈንጂ ባሕሩ ዳር ከምረው አፈነዱባት፣ አንዴ አይደለም ሦስት ጊዜ። ቦምቡ የቆመው በ1990 ነው። ለጦርነቱ ተብላ የተወሰደች ደሴት ጦርነቱ ካለቀ 45 ዓመት ቆየች ማለት ነው።

እኔ የምለው አይዘጋ አይደለም። ሰው ጥይት በሚወርድበት ቦታ መግባት የለበትም፣ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ግን የሚዘጋው ሕግ እስከ መቼ እንደሆነ፣ ማን እንደሚያጸዳና መልሶ የሚከፍተው ማን እንደሆነ ከመጀመሪያው ቀን ካልጻፈ መዝጋት አይደለም፣ መውሰድ ነው። ምን ትላላችሁ?

ሃምሳአለቃው

ልጄ ጥያቄህ ጥሩ ነው ግን ከሌላኛው በኩል ሆኖ ያየ ሰው ምን እንደሚል ስማ። እኔ ደሴት ላይ አላገለገልኩም፣ የብስ ላይ ያለ ተኩስ ሜዳ ላይ ነው በጥበቃ ጓድ ውስጥ የነበርኩት። ሥራችን ቀይ ባንዲራ መስቀልና ሰው እንዳይገባ ማየት ነበር። ሲወራ ቀላል ይመስላል። ሰው ግን ይገባል። ቀለሁ ናስ ስለሆነ ይሸጣል፣ ብረቱም ይሸጣል፣ ለቃሚዎቹ እኛ ምሳ የምንበላበትን ሰዓት ከኛ በላይ ያውቁታል።

አንድ ቀን የምሳ ሰዓት ነው፣ ባንዲራው እንደተሰቀለ፣ አንድ አስራ አንድ አስራ ሁለት ዓመት የሚሆነው ልጅ ሸሚዙን እንደ ከረጢት አጣጥፎ የሆነ ነገር ታቅፎ ከገደሉ ሲወጣ አየሁት። ጠራሁትና ቆመ። ጠጋ ስል የሞርታር ነው፣ ክንፉ ወደኔ ዞሯል፣ ጭንቅላቱ ሆዱ ላይ ነው። ያልፈነዳ። ድምፄን ሳልጨምር እዛው ተንበርከክ፣ ቀስ ብለህ ሳሩ ላይ አስተኛው፣ እጅህን ልቀቅ፣ ወደኔ ና አልኩት። አደረገው። እጁን ይዤ ስወስደው የሚንቀጠቀጠው እኔ ነበርኩ፣ ልጁ ሸሚዙን ነበር የሚያራግፈው።

እና ሕጉ ይጥበቅ ነው የምለው። ባንዲራ ብቻውን አያግድም፣ ቅጣት ያስፈልጋል። ደሴት ደግሞ ከየብሱ ይብሳል፣ በየትኛውም በኩል በጀልባ ተጠግቶ መውጣት ይቻላል፣ ጠባቂ ሁሉንም ዳርቻ አያይም።

ሰብለ

ሰላም ለሁላችሁ። ሃምሳ አለቃ ታሪኩን ሳነበው ሆዴ ነው የተላወሰው፣ እግዜር ይስጥዎት ስላካፈሉን።

እኔ ሕግ ነው ያጠናሁት፣ ትንሽ ላብራራ ምክንያቱም "ተዘግቷል" የሚለው ቃል ውስጥ የተለያዩ ነገሮች ተቀላቅለው ነው የሚገኙት። መሬቱ የማን ነው የሚለው አንድ ነው። ሰው እንዳይገባ ማን ከለከለ፣ በየትኛው ሥልጣን የሚለው ሌላ ነው። በዙሪያው ያለው ባሕር ደግሞ ሙሉ በሙሉ ሌላ ሕግ ነው ያለው።

አሜሪካኖቹ ባሕሩን ባወጡት ደንብ ሁለት ቦታ ይከፍሉታል። አንዱ የአደጋ ቀጣና ነው፣ ዒላማ የሚመታበት ቦምብ የሚጣልበት ሮኬት የሚተኮስበት ውሃ ማለት ነው፣ ሁልጊዜም ሊዘጋ ይችላል ተኩስ ሲኖር ብቻም ሊዘጋ ይችላል። ሌላው የተከለከለ ቀጣና ነው፣ ይሄ የመንግሥትን ንብረት ለመጠበቅም ሰውን ከሚሠራው ሥራ ጉዳት ለመከላከልም ነው። ደንቡን የሚያወጣው የሠራዊቱ የመሐንዲሶች ጓድ ነው፣ እያንዳንዱ ቀጣና በኬክሮስና በኬንትሮስ ተለክቶ ይጻፋል፣ ያስተዳድራል የሚባለው አዛዥም ይጠቀሳል። የብሱ ላይ ደግሞ ወታደራዊ ቦታ ለተከለከለ ዓላማ የገባ ሰው እስከ ስድስት ወር የሚያሳስር የወንጀል ድንጋጌ አላቸው።

እንግሊዞቹ በ1892 የወጣ የወታደራዊ መሬቶች ሕግ አላቸው፣ እስካሁን ይሠሩበታል። ሚኒስትሩ ለጦር የተያዘ መሬት ላይ ሰው እንዳይገባ ደንብ ማውጣት ይችላል ይላል። ግን ያው አንቀጽ ላይ ደንቡ የጋራ መሬት ተጠቃሚዎችን መብት፣ የግጦሽ ምናምን ማለት ነው፣ እንዳይነካ ብሎ ገደብ አስቀምጧል። በ1985 ግሪንሃም ኮመን የሚባለው የአየር ኃይል ጣቢያ ላይ ደንብ ወጣ፣ ኑክሌር ሚሳይል ይውጣልን ብለው ደጁ ላይ ሰፍረው የነበሩ ሴቶች ገብታችኋል ተብለው ተከሰሱ። ጉዳዩ እስከ ጌቶች ምክር ቤት፣ ያኔ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ እሱ ነበር፣ ደረሰና በ1990 ደንቡ ውድቅ ተደረገ። ለምን መሰላችሁ? ደንቡ የግጦሽ ባለመብቶቹንም ጭምር ስለከለከለ፣ ማለትም ሚኒስትሩ ከተሰጠው ሥልጣን አልፎ ስለሄደ። ሴቶቹ እራሳቸው የግጦሽ መብት የላቸውም፣ ግን ደንቡ ከሥሩ ልክ ስላልሆነ ተለቀቁ። ይሄ ደሴት አይደለም አውቃለሁ፣ ነገር ግን "ለደህንነት ነው" የሚለው ቃል ብቻውን ፍርድ ቤት ፊት እንደማይበቃ የሚያሳይ ስለሆነ ነው ያመጣሁት።

ካዴት

ሰብለ በጣም ጥሩ አስረዳሽ። እኔ መርከብ ላይ ነው የምሠራው፣ ከባሕሩ በኩል እንዴት እንደሚደርሰን ልንገራችሁ።

ናቭቴክስ የሚባል የማስጠንቀቂያ መልእክት መቀበያ አለ ብሪጅ ላይ፣ መርከቡ የሚመራበት ክፍል ማለት ነው፣ በ518 ኪሎኸርዝ ነው የሚሠራው። የቆየው ዓይነት ወረቀት ነው የሚያትመው፣ እንደ ደረሰኝ ረጅም ጥቅል። ሌሊት ተረኛ ሆነህ ጭር ባለበት ድንገት ጥርርርር ብሎ ይጀምራል። ስታነበው እንዲህ ይላል፣ የተኩስ ልምምድ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን፣ ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት፣ ከነዚህ ነጥቦች ውስጥ። የመጀመሪያ ጉዞዬ ላይ ሁለተኛው መኮንን አራቱን ነጥብ በእርሳስ የባሕር ካርታው ላይ አስነጠበኝና በማስመሪያ አገናኘኋቸው፣ ሳጥን ሆነ፣ ደሴቲቱ መሀሉ ላይ ተቀመጠች። የኛ መስመር ጥጉን ሊነካው ትንሽ ነበር የቀረው እና አቅጣጫ ቀየርን።

አሁን ማዕበል ላነሳው ነገር የሚሆን። እንደዚህ ዓይነት ማስጠንቀቂያ መጨረሻው ላይ ይሄ መልእክት በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት ይሰረዝ ይላል። ልምምዱ ሲያልቅ ሳጥኑን በላጲስ አጠፋሁት። ማንም መጥቶ ክፈቱልኝ ብሎ መለመን አላስፈለገውም፣ ሲዘጉት መክፈቻውን አብረው ላኩት። የየብሱ ለምን እንደዚህ እንደማይደረግ ሁሌ ይገርመኛል።

ሰብለ

ካዴት ያልከው ሕግም አለው። የባሕር ሕግ ስምምነቱ አንቀጽ 25 ላይ አንድ አገር በግዛት ባሕሩ የተወሰነ ክፍል የውጭ መርከቦችን ሰላማዊ መተላለፍ ለጊዜው ማገድ ይችላል ይላል፣ የጦር መሣሪያ ልምምድም በስም ተጠቅሷል። ግን ቅድመ ሁኔታ አለው፣ ለደህንነት የግድ መሆን አለበት፣ በመርከቦች መካከል አድልዎ መኖር የለበትም፣ ጊዜያዊ መሆን አለበት፣ አስቀድሞ በይፋ መታወጅ አለበት። ልብ በሉ፣ ለውጭ አገር መርከብ "ለጊዜው" የሚል ቃል ተጽፎለታል። ለደሴቲቱ ሰው ግን በብዙ አገር ሕግ ያቺ ቃል የለችም።

ዘመን

ኧረ እኔ አልስማማም። ሁላችሁም ሕጉ ምን ይላል ምን አይልም ትላላችሁ፣ ካሆኦላዌ የተከፈተችው በሕግ ነው እንዴ? ሰዎች ሕግ ጥሰው ገብተው ነው እንጂ! በጥር 1976 በጀልባ ሄደው ወጡባት፣ ታሰሩ፣ ተከሰሱ፣ ተመልሰው ገቡ። ጆርጅ ሄልምና ኪሞ ሚቼል የሚባሉ ሁለት ወጣቶች በ1977 ከደሴቲቱ ሲመለሱ ባሕር ላይ ጠፍተው ቀሩ። ቪየከስም እንደዛው ነው፣ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ይለማመድባት የነበረች የፖርቶሪኮ ደሴት። ከዓመት በላይ ቦምብ የሚጣልበት ሜዳ ላይ ድንኳን ተክለው ተቀመጡ፣ በግንቦት 2000 ለቅመው አስወጧቸው፣ ሌሎች ገቡ። ባሕር ኃይሉ ግንቦት 1 ቀን 2003 ለቆ ወጣ። ሃምሳ አለቃ ይቅርታ ያድርጉልኝና ቅጣት ይጥበቅ የሚሉት በነዚህ ሰዎች ላይ ቢሆን ኖሮ ደሴቶቹ ዛሬም ይቀጠቀጡ ነበር።

ሃምሳአለቃው

ዘመን የምትለው ገብቶኛል ልጄ፣ አልተቀየምኩም። ቪየከስን ካነሳህ ግን ነገሩ እንዴት እንደተነሳ ሙሉውን ንገር። በሚያዝያ 1999 ነው፣ አንድ ተዋጊ አውሮፕላን ሁለት ቦምብ ዒላማውን ስቶ መመልከቻ ማማው አጠገብ ጣለ። የሞተው ዴቪድ ሳነስ ይባላል። ሠልፈኛ አልነበረም፣ ያለፈቃድ የገባም አልነበረም። ጥበቃ ነው፣ ለባሕር ኃይሉ ተቀጥሮ የሚሠራ የዛው ደሴት ሰው። በሩን የሚጠብቀው ሰው ነው የሞተው።

እኔ ያንን ሳነብ ብዙ ነገር ነው ያሰብኩት። ቅጣት ስል ያንን ልጅ የመሰለ ብረት ለቃሚ ከሞት ለማስቀረት ነው እንጂ መሬቴን መልሱልኝ የሚለውን ሰው ማሰሩ ላይ አይደለም ሐሳቤ። ሁለቱን ሕጉ አንድ አድርጎ ነው የሚያያቸው፣ ያስገባቸው ምክንያት የተለያየ ሆኖ ሳለ። እዚህ ላይ ትክክል ነህ።

ማዕበል

ዘመን፣ ግማሹ ልክ ነው ግማሹ ግን አይደለም። ሰዎቹ ከገቡ በኋላ ፍርድ ቤትም ሄደዋል እኮ። በ1976 ክስ መሥርተው በ1980 ከባሕር ኃይሉ ጋር ተስማሙ፣ ስምምነቱን ፍርድ ቤት አጸደቀው። የጥንት ቅርሶቹ ተቆጥረው ይመዝገቡ፣ ደሴቲቱ ላይ ያሉት ፍየሎች ይውጡ፣ የሃዋይ ተወላጆቹ በተወሰነ ጊዜ እየገቡ ሥርዓታቸውን ይፈጽሙ ተባለ። በ1981 ደሴቲቱ በሙሉ በታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ገባች። አስቡት፣ በቅርስነት ተመዝግባ ቦምብ ይጣልባት ነበር፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ! መግባታቸው በሩን አንኳኳ፣ ሰነዱ ደግሞ እግር አስገባ፣ አንዱ ያለ አንዱ አይሆንም ነበር ብዬ ነው የማምነው።

ቅጠል

ዘግይቼ ነው የገባሁት፣ ሁሉንም አንብቤዋለሁ። እኔ ከሰው ውጪ ስላለው ያልተባለ ነገር ልጨምር፣ ሰው የማይገባበት ቦታ ብዙ ጊዜ ወፍና ዛፍ ይተርፍበታል። ሄልሲንኪ ፊት ለፊት ቫሊሳሪ የምትባል የጦር ደሴት አለች፣ ለሕዝብ የተከፈተችው በ2016 ነው፣ ለረጅም ዓመት ሰው ስላልረገጣት ቢራቢሮውና የሌሊት ወፉ ብዛቱ ሌላ ነው። እና ሁሉም ይከፈት ስንል እዚህም ላይ እናስብ።

በተቃራኒው ደግሞ የአሜሪካ ግዛት በሆነችው ሰሜን ማሪያና ውስጥ ፋራሎን ዴ መዲኒያ የምትባል ሰው የማይኖርባት ትንሽ ደሴት አለች፣ አንድ ስኩዌር ኪሎሜትር እንኳን አትሞላም፣ የባሕር ወፎች የሚፈለፈሉባት ናት፣ ባሕር ኃይሉ የሚለማመደው እሷ ላይ ነው። በ2002 ፍርድ ቤት ያለፈቃድ ስደተኛ ወፎችን መግደል ሕግ መጣስ ነው ብሎ ፈረደ። ደስ አለን። ከዛ በዛው ዓመት መጨረሻ ኮንግረሱ ለወታደራዊ ዝግጁነት የሚደረግ ሥራ ከዛ ሕግ ነፃ ይሁን ብሎ አወጣ። እዛ ድንኳን የሚተክል ሰው የለም፣ ወፍ ክስ አይመሠርትም፣ ባለሥልጣኑም ማን ይጠይቀኛል ይላል።

ዘመን

ቅጠል ቫሊሳሪን ስታነሺ ግን እዛም ከመንገዱ አትውጡ ነው የሚባለው አይደል? ተከፈተ ተባለ እንጂ ሙሉ በሙሉ የት ተከፈተ

ቅጠል

አዎ ምልክት ከተደረገበት መንገድ መውጣት ክልክል ነው። በ1937 እዛ የጥይት መጋዘን ፈንድቶ ነበር፣ አሁንም መሬቱ ሁሉ አይታመንም። ለኔ ግን ይሄ ጥሩ መፍትሔ ነው፣ ወይ ሙሉ ዝግ ወይ ሙሉ ክፍት መሆን የለበትም። ቀስ እያለ፣ የጸዳው እየተለየ።

ሰብለ

ቅጠል ትክክል። እኔም ሕጉ ላይ ማየት የምፈልገው ይሄንን ነው፣ ደሴቲቱን በአንድ መስመር ከመክበብ ክፍል ክፍል ማድረግ። እዚህ ጥይት ይወርዳል፣ ሁልጊዜ ዝግ። እዚህ ልምምድ ሲኖር ብቻ ዝግ፣ በሌላው ቀን ዓሣ አጥማጁ ይግባ። እዚህ የመቃብር ቦታ ነው፣ ባለቤቶቹ በዓመት ይሄን ያህል ቀን ይግቡ። ከዛ በየተወሰነ ዓመት አዛዡ ለምን አሁንም እንደሚያስፈልገው ጽፎ ያስረዳ፣ ካላስረዳ ክልከላው በራሱ ይውደቅ። የማስረዳት ሸክሙ ክፈቱልኝ በሚለው ሰው ላይ ከሆነ ሰውየው አርጅቶ ይሞታል እንጂ አይከፈትለትም።

ማዕበል

ሰብለ እጅሽን ይባርከው፣ እኔ በደንብ መናገር ያቃተኝን ነው የተናገርሽው። ግን አንድ ነገር አሁንም ይከነክነኛል። እሺ ክልከላው ወደቀ እንበል። ካሆኦላዌ በ1994 ለሃዋይ ተመለሰች፣ ለማጽጃ 400 ሚሊዮን ዶላር ተፈቀደ፣ ባሕር ኃይሉ አስር ዓመት ገደማ ሲለቅም ቆየ። ዕቅዱ ላዩን በሙሉ ማጽዳት ነበር። ገንዘቡም ጊዜውም ሲያልቅ የላዩ ሦስት አራተኛው ገደማ ነው የጸዳው፣ ወደ ታች 4 ጫማ ድረስ የጸዳው ደግሞ አንድ አሥረኛው አካባቢ። ዙሪያው ባሕርም እስከ ሁለት ኖቲካል ማይል የተጠበቀ ነው። ዛሬ እዛ የሚሄደው ያለፈቃድ አይገባም፣ ከመግባቱ በፊት መሬት ላይ ያየኸውን ብረት አትንካ ተብሎ ገለጻ ይሰጠዋል። ቪየከስም ባሕር ኃይሉ ከወጣ ሁለት ዓመት በኋላ በአሜሪካ በጣም የተበከሉ ቦታዎች ዝርዝር ውስጥ ገባች፣ ቦምብ ይወርድበት የነበረው ጫፍ አሁን የዱር እንስሳት መጠለያ ተብሎ ዝግ ነው።

ማለትም መጀመሪያ የዘጋው አዋጅ ነበር፣ አሁን የሚዘጋው ራሱ ቦምቡ ነው። ይሄንን የትኛው አንቀጽ ይሰርዘዋል? ሃምሳ አለቃ እርስዎን ልጠይቅዎት፣ ተኩስ ሜዳው ላይ ልምምድ ሲያልቅ ያልፈነዳው ምን ይደረግ ነበር?

ሃምሳአለቃው

ጥሩ ጠየቅከኝ። በኛ ጊዜ እንዲህ ነበር። ስንት እንደተተኮሰ ይቆጠራል፣ ስንት እንደፈነዳ ደግሞ ታዛቢው በድምፅም በጭሱም ይቆጥራል። ልዩነቱ ያልፈነዳው ነው። ሃያ ተተኩሶ አሥራ ስምንት ከተሰማ ሁለት መሬት ውስጥ አለ ማለት ነው። የወደቀበት አቅጣጫና ግምት ርቀት መዝገብ ላይ ይጻፋል፣ መኮንኑ ይፈርማል፣ አምካኞቹ በሚቀጥለው ቀን ይወጣሉ። የተገኘው እዛው ባለበት ይፈነዳል፣ ያልተገኘው ግን መዝገቡ ላይ እንደተጻፈ ይቀራል። ጭቃ ከሆነ ጠልቆ ይገባል፣ ደሴት ሲሆን ደግሞ ባሕሩ ዳር የወደቀውን ማዕበል ያንከባልለዋል ብዬ አስባለሁ።

ያ ልጅ የታቀፈውን ሞርታር በኋላ መዝገቡ ላይ ፈለግነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ተጽፎ አገኘነው፣ የወደቀበት ከተጻፈው ቦታ መቶ እርምጃ እንኳን አይርቅም። ፈልገው ያጡት ነው። ቢያንስ ግን እንዳለ ይታወቅ ነበር።

ሰብለ

ሃምሳ አለቃ፣ ያ መዝገብ ጓዱ ሜዳውን ለቆ ሲሄድ ለማን ነበር የሚሰጠው?

ሃምሳአለቃው

ከጓዱ ጋር ነው የሚሄደው ልጄ። እኛ ስንለቅ ሣጥን ውስጥ ከሌላው ወረቀት ጋር አሽገን መኪና ላይ ጫንነው። ለሚቀጥለው ሰው የቀረው ባንዲራው ነው።

ማዕበል

እንግዲያው የመጀመሪያው ጥያቄዬ ላይ ይሄንን ልጨምርበት። መዝጊያው ላይ ቀኑ ብቻ ሳይሆን ያ መዝገብም ይጻፍበት፣ አንድ ቅጂ ከየልምምዱ በኋላ ከሠራዊቱ ውጪ ባለ መሥሪያ ቤት ይቀመጥ፣ ካዴት በእርሳስ እንዳሰመረው ሳጥን ነጥብ በነጥብ። ሰብለ፣ ይሄ በአዋጅ ነው መግባት ያለበት ወይስ በደንብ ይበቃል?

ሰብለ

በአዋጅ። ደንብ ከሆነ ያወጣው ሰው ነገ ብድግ ብሎ ይቀይረዋል። ማታ ስገባ አንቀጹ እንዴት ሊጻፍ እንደሚችል ሞክሬ እዚሁ ክር ላይ እለጥፈዋለሁ፣ ሃምሳ አለቃ እርስዎ መዝገቡ ላይ ምን ምን ይሞላ እንደነበር ዝርዝሩን ካስታወሱ ይጻፉልኝ።

ሃምሳአለቃው

አስታውሰዋለሁ። የመሣሪያው ዓይነት፣ የተተኮሰው ብዛት፣ የፈነዳው ብዛት፣ አቅጣጫ በዲግሪ፣ ግምት ርቀት፣ የመሬቱ ዓይነት፣ ሰዓት፣ የታዛቢው ስም፣ ፊርማ። አንድ ሌላም ነበር፣ ከመጨረሻው ረድፍ፣ "የተገኘበት ቀን" የሚል። እሱ ብዙ ጊዜ ባዶ ነበር።